የመገናኛው እራት በሆንግ ኮንግ

በሆንግ ኮንግ ከተማ አሮጌው ዓመት ሊወጣ አንድ ወር ያህል ሲቀረው በታላላቆቹ ሆቴሎች የቻይና ምግብ ቤቶች ለዋዜማው ማታ የሚሆን ባዶ ገበታ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። አስቀድሞ ያላስመዘገበ ሰው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ቦታ አያገኝም። የቻይናውያን ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ዕለቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይለዋወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥምቀት ጥቂት ቀን በኋላ ጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የዋዜማው ሥርዓት ግን አይለወጥም፤ ይኸውም በያለበት ተበትኖ የሚኖረው ቤተ ሰብ፣ አያት፣ ወላጅ፣ ልጅና የልጅ ልጅ ባንድ ክብ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚበላው እራት ነው። ስሙም የመገናኛ እራት ይባላል።

ቀድሞ ይህን እራት የምታሰናዳው የቤቱ እመቤት ነበረች። ዶሮው የሚታረደው፣ ዓሣው የሚጠረገው፣ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራው ኅብስት በእንፋሎት የሚበስለው በቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሥራው ከዋዜማው ብዙ ቀን አስቀድሞ ይጀመር ነበር። ዛሬ ግን በሆንግ ኮንግ የብዙው ሰው መኖሪያ በረጃጅም ፎቆች ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱም ሁለት ሰው ጐን ለጐን ቆሞ እንዲሠራበት አይበቃም፤ እመቤቲቱም ብዙ ጊዜ እንደ ባሏ በመሥሪያ ቤት ትውላለች። ስለዚህ አቅም ያለው ቤተ ሰብ እናቱን ከምድጃ አላቅቆ በክብር ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ሲል ወደ ሆቴል ይሄዳል። ምክንያቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሆቴሉ የሚያቀርበው ማዕድ የእናቲቱን ማዕድ አይመስልም፤ የንጉሥ ግብር የሚያስታውስ ሌላ ነገር ነው። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ምን ለመግዛት ነው? ገንዘቡን ከሚከፍለው ሰው ሌላስ የዚህን ማዕድ ዕዳ የሚከፍል ማን ነው? የምንመረምረው ይህንን ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበል።

በከተማው ዕድሜ የጠገበው ፔኒንሱላ ሆቴል የተከፈተው በ1928 ነው። በውስጡ የሚገኘው ስፕሪንግ ሙን የተባለው የካንቶን ምግብ ቤት ግን የተከፈተው በ1986 ነው። በ1963 የተከፈተው ማንዳሪን ሆቴልም ማን ዋ የተባለውን የቻይና ምግብ ቤቱን በ1968 አቋቋመ። በ1984 ደግሞ ሪጀንት በተባለው ሆቴል ውስጥ ላይ ቺንግ ሂን ተከፈተ። በዚያ የሠራው ቻን ያን ታክ የተባለ የወጥ ቤት ሹም ከጊዜ በኋላ በፎር ሲዝንስ ሆቴል ሉንግ ኪንግ ሂን የተባለውን ምግብ ቤት መራ፤ ይህም ምግብ ቤት በ2009ኙ የሚሽላን መጽሐፍ ሦስት ኮከብ በማግኘት ከዓለም የቻይና ምግብ ቤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ የቻይናን ምግብ ርካሽና ፈጣን ነገር አድርጎ የሚገምት የአውሮፓ ሰው ክርክሩን ለመቀጠል ተቸግሯል።

የምግቡን ዝርዝር የያዘው ወረቀት ለእንግዳ ሰው የምርቃት ወረቀት ይመስለዋል። የቻይናዎች ቋንቋ ድምፃቸው አንድ ወይም ተቀራራቢ ሆኖ ትርጉማቸው የተለያየ ቃላት የበዙበት ስለ ሆነ፣ በእኛ ዘንድ ባለቅኔ በሰሙ ውስጥ ወርቁን እንደሚሰውር፣ የካንቶን ወጥ ቤትም ምኞቱን በምግቡ ስም ውስጥ ይሰውራል። ዓሣ «ዩ» ይባላል፤ የተረፈ ሀብት ማለትም «ዩ» ነው። ስለዚህ ዓሣው ከነራሱና ከነጅራቱ ሙሉ ሆኖ ይቀርባል፤ ራሱም በዕድሜ ወደ ከበረው ሰው ይዞራል። የደረቀው ኦይስተር «ሆ ሲ» ሲባል መልካም ነገር ወይም መልካም ገበያ ከሚለው ቃል ጋራ ይገጥማል። ሽሪምፕ «ሃ» ስለሚባል ሣቅ ነው። ከሚጣበቅ ሩዝ ዱቄትና ከስኳር የሚሠራው ኅብስት ደግሞ «ከዓመት ዓመት ከፍ በል» የሚል ድምፅ አለው። የወጡ ቁጥር ብዙ ጊዜ 8 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ብልጽግና ከሚለው ቃል ጋራ ይቀራረባልና። 4 ግን ሞት ከሚለው ጋራ ስለሚቀራረብ ይሸሻል። ገበታው ባብዛኛው ለ12 ሰው የተሰናዳ ነው፤ የእኛ እመቤት ዶሮዋን 12 ብልት እንደምታደርግ ሲታሰብ ይህ ቁጥር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ከነዚህ ስሞች መካከል ግን አንዱ ብዙ ጉዳት አድርሷል። «ፋት ቾይ» የሚባል እንደ ጥቁር ጠጕር የቀጠነ የምድር ሽበት መሰል ነገር አለ። የሚበቅለው በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በውስጥ ሞንጎልያ፣ በኒንግሺያና በጋንሱ ደረቅ ምድር ላይ ነው። ጣዕም የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የተወደደው ስሙ «ሀብት ይብዛልህ» ከሚለው የዓመት መለወጫ ሰላምታ ጋራ ስለሚገጥም ብቻ ነው። ለዚህ ስም ሲባል ድኾች ገበሬዎች ምድሩን በብረት መንጠቆ እየቧጠጡ ይሰበስቡት ነበር፤ ሲቧጥጡም አፈሩን የያዘው ሣር ከነሥሩ ይነቀላል፤ ሣሩ በተነቀለበት ስፍራ ነፋስ አፈሩን ይወስዳል። በደቡብ ላለ ባለጸጋ ምኞት በሰሜን ያለ እረኛ ግጦሹን አጣ ማለት ነው። በመጨረሻም በ2000 የቻይና መንግሥት መሰብሰቡንና መሸጡን ከለከለ። አፈር ሲሄድ ያየ የአገራችን አርሶ አደር የዚህን ነገር ትርጉም ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

ወደ ወቅቱ ምግብ እንመለስ። ወቅቱን ያልጠበቀ ምግብ አይበላም የሚለውን ጥንታዊ ደንብ ቻይናውያን እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል፤ ታላላቆቹ ሆቴሎችም ዓመቱን በዚህ ደንብ ይከፋፍሉታል። በመስከረምና በጥቅምት መካከል የጨረቃ በዓል ሲመጣ ክብ ኅብስት ይሸጣሉ፤ በእንቍላልና በወተት የተሠራው ትንሹ ኅብስት ከስፕሪንግ ሙን ወጥ ቤት እንደ ወጣ ይነገርለታል። ብርዱ ሲጀምር የደረቀ ሥጋና ቋሊማ በሸክላ ድስት ከሩዝ ጋራ ያበስላሉ፤ ቋንጣ የለመደ ሰው ይህን ሳያመሰግን አይቀርም። በሁለቱ መካከል ግን፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሁሉም የሚጠብቀው ጸጉራሙ ሸርጣን ይመጣል።

ይህ ሸርጣን በእግሩና በቁንጢጡ ላይ ቡናማ ጸጉር ያለው፣ ከመዳፍ የማይበልጥ የጣፋጭ ውሃ ፍጥረት ነው። ከሁሉ የሚወደሰው በሱጆው ከተማ አጠገብ ካለው ከያንግቼንግ ሐይቅ የሚወጣው ነው። በጨረቃው አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር ሴቲቱን፣ በዐሥረኛው ወር ወንዱን መብላት ልማድ ነው፤ ሴቲቱ በብርቱካን መልክ ያለ እንቍላል፣ ወንዱ ደግሞ እንደ ቅባት የሚጣበቅ ነጭ ነገር በውስጡ የሚሞላበት ጊዜ ነውና። ሆዷ ክብ ከሆነ ሴት፣ ሹል ከሆነ ወንድ መሆኑ ይታወቃል። ሕይወቱ ያለፈውን ሸርጣን ማብሰል ክልክል ነው፤ ስለዚህ እግሩ በገመድ እንደ ታሰረ በሕይወቱ መጥቶ በእንፋሎት ይበስላል። አበሳሰሉ ይኸው ብቻ ነው። ማጣፈጫውም ዝንጅብል የተከተፈበት ኮምጣጤ፣ መጠጡም የሻውሺንግ የሩዝ ጠጅ ነው። በቻይናውያን ሕክምና ሸርጣን ብርድ የሆነ ምግብ ስለሚባል ከበሉት በኋላ የዝንጅብል ሻይ ይጠጣል፤ ዝንጅብል ብርድ ያስወጣል የሚለውን እናቶቻችን ጭምር የሚያውቁት ነው።

አበላሉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀድሞ በሱጆው የነበሩ ጌቶች ለዚሁ ብቻ የተሠሩ 8 ትንንሽ መሣሪያዎች፣ መዶሻ፣ መቀስ፣ ማንኪያና የመሳሰሉትን ይይዙ ነበር። በሆቴል ምግብ ቤት ይህን ድካም ሠራተኛው ይሸከምለታል፤ እንግዳው በሰዓት ሙሉ የሚያወጣውን ሥጋ ወጥ ቤቱ ለቅሞ በጐድጓዳ ሳህን ያቀርብለታል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በዚህ ደስታው ግማሽ ይቀንሳል፤ ሸርጣን የሚበላው ለጨዋታ ጭምር ነውና፣ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ረጅም ወግ ያወጋል። ዋጋው በጨመረ መጠን አታላዩም በዛ። ከሌላ ስፍራ የረባውን ሸርጣን ጥቂት ቀን ብቻ በያንግቼንግ ሐይቅ ውስጥ ነክረው አውጥተው በስሙ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ሕዝቡም ይህንን «የታጠበ ሸርጣን» ይለዋል። ምልክት ይሆን ዘንድ በቁንጢጡ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ቢደረግበትም ቀለበቱ ራሱ ተመስሎ ይሠራል። በኖቬምበር 2016 ደግሞ የሆንግ ኮንግ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ ከተፈቀደው በላይ የያዙ ሸርጣኖች ማግኘቱን አስታውቆ ነበር። ሆቴሉ ከተራው ገበያ አስበልጦ ከሚያስከፍለው ዋጋ አንዱ ክፍል ስለዚህ ለመታመን ነው፤ እንግዳው ያልተጭበረበረውን የሚለይለት ሰው ይቀጥራል።

የዓመት መለወጫው ማዕድ ትልቁ ወጪ ግን ከደረቀው የባሕር ምግብ ይመጣል። በከተማው ምዕራብ፣ በሸንግ ዋን ሠፈር፣ ሱቆቹ ሁሉ ይህንኑ የሚሸጡበት መንገድ አለ። አባሎን የሚባለው ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ሲደርቅ በ«ራስ» ይቆጠራል፤ 600 ግራም ያህል በሚሆነው በቻይናዎች ሚዛን ላይ ስንት ፍሬ እንደሚገባ ማለት ነው። የ10 ራስ ከሆነ ፍሬው ትልቅ ነው፣ የ30 ራስ ከሆነ ትንሽ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዋጋው ይንራል። ከሰሜን ጃፓን የሚመጣው ይመረጣል። ይህን ድንጋይ የመሰለ ነገር ለማለስለስ ቀን ከሌሊት በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም ከዶሮና ከአሳማ ሥጋ ጋራ በዝግታ እሳት ለብዙ ሰዓት ይበስላል። የባሕር ኪያር የተባለው ትል መሰል ፍጥረትም እንዲሁ ነው። በጠባብ ቤት የሚኖር ሰው ይህን በየት ያደርገዋል? ሆቴሉ የሚሸጠው የወጥ ቤቱን ቀናት ጭምር ነው። ከቀይ ባሕር ጠረፍም ሳይቀር የደረቀ የባሕር ኪያርና የሻርክ ክንፍ ወደ እስያ ሲላክ ኖሯል፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላው ብዙው የአገራችን ሰው ግን ይህ ሀብት ከአጠገቡ ማለፉን እንኳ አላወቀም።

የሻርክን ክንፍ ካነሣን ነገሩን በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ይህ ክንፍ በራሱ ጣዕም የለውም፤ ሲበስል እንደ ቀጭን ክር ይሆናል፣ ጣዕሙን የሚሰጠው ከዶሮና ከሥጋ የወጣው መረቅ ነው። እንዲህም ሆኖ ለብዙ ዘመን ያለ እርሱ ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። የሙሽራው አባት ያላቀረበ እንደ ሆነ ዘመድ ምን ይለኛል ብሎ ይጨነቃል፤ እኛ ይሉኝታ የምንለው ኃይል በዚያም አገር ብርቱ ነው። ለዚህ ይሉኝታ ሲባል አጥማጆች ክንፉን ቆርጠው የቀረውን አካል ነፍሱ ሳይወጣ ወደ ባሕር የሚጥሉበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ሥጋው ርካሽ ነው፣ የመርከቡንም ቦታ ይይዛል። ሻርክ ደግሞ ዘግይቶ የሚደርስና ጥቂት የሚወልድ ስለ ሆነ ያለቀውን ፈጥኖ አይተካም።

ነገሩን የለወጠው አንድ ሰው ወይም አንድ ሕግ አይደለም። በ2006 ታላቁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ያው ሚንግ ከእንግዲህ አልበላም ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ወጣቶች ሰሙት። በ2011 መጨረሻ የፔኒንሱላ ሆቴሎች ባለቤት የሆነው ኩባንያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሆቴሎቹ ሁሉ የሻርክ ክንፍ እንደማይቀርብ አስታወቀ። ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም፤ የሠርግና የዓመት መለወጫ ግብር ዋና ወጥ የነበረውን ከዝርዝሩ ማውጣት እንግዳን ለጎረቤት ሆቴል አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችል ነበርና። ነገር ግን የከበረው ሆቴል ራሱ ሲተወው ያላቀረበ አባት የሚያፍርበት ምክንያት ቀነሰ። ይሉኝታ የጀመረውን ይሉኝታ ሊያስተው ቻለ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2013 የሆንግ ኮንግ መንግሥት በመንግሥት ግብዣዎች ላይ የሻርክ ክንፍና ከላይ የተናገርንለት ፋት ቾይ እንዳይቀርቡ አዘዘ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር የቤይጂንግ መንግሥት የሻርክ ክንፍንና የወፍ ጎጆን ከባለሥልጣኖች ግብዣ ከለከለ። የኋለኛው ትእዛዝ ስለ ሻርክ ከማዘን ይልቅ የሕዝብን ገንዘብ ከመቆጠብ የመጣ ነው፤ በ2012 መጨረሻ በወጣው የቁጠባ ደንብ የተነሣ የባለሥልጣኖች ግብዣ ስለ ቀረባቸው በቻይና አንዳንድ ሆቴሎች ኮከባቸው እንዲቀነስላቸው እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። መንግሥት ሲከፍል የነበረው ቀርቶ የቤተ ሰብ አባት ከኪሱ የሚከፍለው ሲቀር የቅንጦቱ እውነተኛ መጠን ታየ።

በገበታው ዙሪያ ያለው ሥነ ሥርዓት ከምግቡ ያላነሰ ያስደስታል። ልጅ ለታላቁ ሻይ ሳይቀዳ ለራሱ አይቀዳም፤ የተቀዳለትም ሰው በወግ ላይ ከሆነ ንግግሩን ሳያቋርጥ በሁለት ጣቱ ገበታውን መታ መታ አድርጎ ያመሰግናል። አባወራው ከዓሣው ጉንጭ ወይም ከዶሮው ምርጥ ብልት አንሥቶ በአማቱ ሳህን ላይ ሲያስቀምጥ ያየ ኢትዮጵያዊ ጉርሻን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ምግቡ በሳህን ላይ መቅረቱ ብቻ ነው። በ2003 ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ከተማውን ካስጨነቀ ወዲህ ደግሞ ለማንሻ ብቻ የሚሆኑ ሌሎች የምግብ እንጨቶች በገበታው ላይ መቀመጣቸው ተለመደ። ሰው አክብሮቱን ሳይተው ጥንቃቄን ጨመረ።

ከዚያ የባሰ ወረርሽኝ በኋላ መጣ። በ2021 የዓመት መለወጫው በፌብሩዋሪ 12፣ በ2022 ደግሞ በፌብሩዋሪ 1 ቀን ዋለ። በሁለቱም ዓመት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በሆንግ ኮንግ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ተከልክሎ ነበር። የመገናኛው እራት የሚበላበት ሰዓት ይኸው ነው። ስለዚህ ሆቴሎቹ እንግዳው ወደ እነርሱ መምጣት ካልቻለ ማዕዱ ወደ እንግዳው ይሂድ ብለው «ፑን ቾይ»ን ሲሸጡ ሰነበቱ።

ፑን ቾይ የገበቴ ምግብ ማለት ነው። የመጣው ከሆቴል አይደለም፤ አዲሱ ግዛት ከሚባለው ከከተማው ሰሜን፣ በቅጥር ከታጠሩት የገበሬ መንደሮች ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሕፃን ንጉሥ ከሞንጎሎች ሸሽቶ ከነሠራዊቱ በመጣ ጊዜ፣ መንደርተኞቹ የሚበቃ ሳህን ስለሌላቸው ያላቸውን ምግብ ሁሉ በመታጠቢያ ገበቴ ውስጥ ደራርበው አቀረቡ። ዛሬም በሥር ፍጅል፣ ጎደሬና የባቄላ ነገር ይነጠፋል፣ በመካከል ሥጋ፣ በላይ ዶሮና ሽሪምፕ ይደረደራል፤ የላይኛው መረቅ ወደ ታች ስለሚወርድ ከሁሉ የሚጣፍጠው ርካሹ ፍጅል ነው። በቀድሞ አባቶች አዳራሽ በሠርግና በበዓል ሲበላ ባለጸጋና ድኻ ሳይለይ ሁሉም ካንድ ገበቴ ያነሣል፤ በመሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሆቴሎቹ በላዩ አባሎንና የባሕር ኪያር ጨምረው በሸክላ ድስት አሽገው፣ እንዴት እንደሚሞቅ የሚገልጽ ወረቀት አክለው ወደየቤቱ ሰደዱት። ሰውም የሆቴሉን ምግብ በዚያው በጠባቡ ወጥ ቤት አሞቀው።

ክልከላው ከተነሣ ወዲህ ሰው ወደ ሆቴሎቹ ተመልሷል። ፑን ቾይ ግን አልቀረም፤ አንዳንዱ ቤተ ሰብ በዋዜማው ቤቱ ተቀምጦ እርሱን በልቶ ለአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀን የሆቴሉን ገበታ ያስመዘግባል። እናቲቱም ዋዜማውን በቤቷ፣ ክብሯን በሆቴሉ ታገኛለች።

በየትም ይበላ በየት፣ ዓሣው ሙሉ በሙሉ አያልቅም። ልጆች የመጨረሻውን ቁራሽ ሊያነሡ ሲሉ አያታቸው እጃቸውን ትይዛለች፤ ለነገ የሚተርፍ ከሌለ ስሙ ከንቱ ይሆናልና። አሳላፊው የቀረውን በሣጥን ያሽገዋል፣ ትንሹ ልጅም ታቅፎት በባቡር ወደ ቤቱ ይሄዳል።